የካም እርግማንና የልጅሽ መጽሐፍ

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ። የ9 ዓመት ልጄ በአሜሪካ በባርነት ስላደገች ሕፃን የተጻፈ የልጆች መጽሐፍ ከትምህርት ቤቷ ተውሳ መጣች። አንብባ ስትጨርስ ሦስት ነገር ጠየቀችኝ። «እግዚአብሔር ለምን ዝም አለ?»፣ «እኛም አገር ነበር ወይ?»፣ «አንቺስ ስትጸልዪ ባሪያህ ነኝ የምትዪው ለምንድን ነው?» እናቴ ጣልቃ ገብተው «የካም ልጆች ስለሆኑ ነው፤ ኖኅ ረግሟቸዋል» አሏት። ከዚያ ወዲህ ልጄ ጭጭ ብላለች። መጽሐፉን እስክታድግ ልደብቅባት ወይ? (ከጎንደር)

መልስ፦ እኅቴ፣ መጽሐፉን አትደብቂባት። ያስደነገጣት የአያቷ መልስ ይመስለኛል፤ መጀመሪያ መስተካከል ያለበትም እሱ ነው።

ይህ የካም ነገር በማኅበርም በልቅሶ ቤትም ደጋግሞ ያጋጥመኛል። የሚናገረው ሰው ከመጽሐፍ ያነበበው ይመስለዋል። ዘፍጥረት 9ን ግለጪው። ምዕራፉ የሚከፈተው እግዚአብሔር ኖኅንና ልጆቹን ባረካቸው ብሎ ነው፤ ካምም ከተባረኩት አንዱ ነው። ቁጥር 25 ላይ የተረገመው ከነዓን ነው፤ ቃሉም የወጣው ከወይን ስካሩ ከነቃው ከኖኅ አፍ ነው። 10፥6 ላይ የካም ልጆች አራት ናቸው፦ ኩሽ፣ ምጽራይም፣ ፉጥ፣ ከነዓን። ስለ ቆዳ ቀለም አንዲት ቃል የለችም። ጥቁሩን ሕዝብ ሁሉ እርግማኑ ውስጥ አስገብተው ያራገቡት ባሪያ ፈንጋዮችና ጌቶች ናቸው፤ ለንግዳቸው ሽፋን ፈልገው። ደግሞም «ኢትዮጵያ እጆችዋን ወደ እግዚአብሔር ትዘረጋለች» ብለን የምንዘምረው መዝሙር 67፥31 በዕብራይስጡ «ኩሽ» ይላል። ማታ ካምን የሚረግም፣ ጠዋት ዳዊት ሲደግም በዚህ ቃል ይመካል። ሁለቱ በአንድ አፍ አይሆኑም።

ቃሉን ቆራርጦ መያዝ ምን እንደሚያደርስ ልጅሽ ብታውቀው ጥሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ1807 በለንደን የታተመ፣ በእንግሊዝ ቅኝ ደሴቶች ላሉ ባሮች ተብሎ የተዘጋጀ መጽሐፍ ቅዱስ ነበር። ዮሴፍ መሸጡ አለበት፤ እስራኤል ከግብፅ መውጣታቸው የለበትም። ኤፌሶን 6፥5 «ባሪያዎች ሆይ ታዘዙ» የሚለው እንዳለ አለበት፤ ገላትያ 3፥28 «ባሪያ ወይም ጨዋ ሰው የለም» የሚለው ተቆርጧል። ከብሉይ ኪዳንም አብዛኛው አልገባበትም። የባሮቹ ጌቶች ሙሉውን ቃል ለምን እንደፈሩት ልጅሽ ራሷ ትድረስበት፤ አንቺ አትቅደሚያት።

አሁን ወደ ቃሏ። «ባሪያህ» የሚለው ጸሎት ያደናገራት በደንብ ስለሰማችው ነው። ለእርሷ እንዲህ በያት፦ ሰው የሰው ባሪያ የሚሆነው ተሰርቆ ወይም ተማርኮ ነው፤ ሰውን ሰርቆ የሸጠ ይገደል ይላል ዘጸአት 21፥16። ገብረ ሥላሴ፣ አመተ ማርያም (የሥላሴ ባሪያ፣ የማርያም ባሪያ) የሚባሉት ስሞቻችን ግን በፍቅር የተሰጠ ሰውን ነው የሚናገሩት። ጌታም ራሱ «የባሪያን መልክ ይዞ» መጣ (ፊልጵስዩስ 2፥7)። ይህን ስትነግሪያት ሁለተኛውን አጠቃቀም አትለፊው፤ በሰፈራችን ጠቆር ያለውን ልጅ «ባሪያ» ብለው የሚሳደቡ አሉ። በቤትሽ ይህ ስድብ እንዳይሰማ ከልክዪ፤ ለቀልድም ቢሆን። («ጨዋ» የምንለው ቃል እንኳ መጀመሪያ የሚለየው ባሪያ ያልሆነውን ነበር። ዛሬ ሥነ ምግባር ያለውን ሰው እንጠራበታለን፤ የድሮው ትርጉም ግን ከሥሩ አለ።)

«እኛም አገር ነበር ወይ» ላለችው መልሱ አዎ ነው። እውነቱን ከሌላ ሰው አፍ ከምትሰማው ካንቺ ትስማው። በ19ኛው መቶ ዘመን ከደቡብ የሚመጣው የባሪያ ንግድ በጎንደር ገበያ ያልፍ ነበር፤ ከዚያ ወደ መተማና ወደ ምጽዋ ይሄድ ነበር። ፍትሐ ነገሥታችን በ31ኛው አንቀጹ ሰው በተፈጥሮው ነፃ ነው ካለ በኋላ፣ በጦርነት የተማረከውን ግን ባሪያ ያደርጋል። ዐፄ ቴዎድሮስ ንግዱን ከልክለው ነበር፤ አልቆመም። በ1916 ዓ.ም. ሌላ አዋጅ ወጣ፤ ሙሉ በሙሉ በሕግ የተሻረው በነሐሴ 1934 ዓ.ም. ነው። ቅድመ አያቶቿ የኖሩበት ዘመን ነው። እዚህ ላይ ቤተሰብ «የእኛዎቹ እንደ ቤተሰብ ነው የሚይዟቸው» ይላል። እንዲህ የሚለውን ሰው፣ ሰውየው ሲፈልግ ትቶ መሄድ ይችል ነበር ወይ ብለሽ ጠይቂው።

ደግሞ የመጀመሪያው ጳጳሳችን አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን፣ ፍሬምናጦስ፣ በልጅነቱ ተማርኮ ነው አክሱም የደረሰው። የጥንቱ ታሪክ ጸሐፊ ሩፊኖስ እንደሚለው እርሱና አብሮት የነበረው ልጅ ሲያዙ ከዛፍ ሥር ሆነው ትምህርታቸውን እያጠኑ ነበር። ልጅሽ ይህን ትወደዋለች።

የማንበቡን ነገር በተመለከተ፦ መጽሐፉን ሙሉውን ቀድመሽ አንቺ አንብቢው። በአብዛኛው ሦስት ከባድ ሥዕሎች አይጠፉበትም፤ ግርፋት፣ ጨረታ፣ እናትና ልጅ መለያየት። ገጾቻቸውን ለይተሽ ያዢ። በአንድ ጊዜ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይበቃል፤ ከሰዓት በኋላ ይሁን እንጂ ልትተኛ ስትል አይሁን። ከባዱ ገጽ ላይ ስትደርሱ ገጹን ቶሎ አትገልብጪ። «እዚህ ሥዕል ላይ የሚወስነው ማን ነው? እናቷ ምን እያደረገች ነው?» በያት። ብዙ ወላጅ የሚሳሳተው «አንቺ ብትሆኚ ምን ይሰማሽ ነበር?» ብሎ ነው፤ የ9 ዓመት ልጅ ራሷን ከጨረታው መድረክ ላይ ታቆማለች፣ ሌሊትም አትተኛም። ሌላው ስሕተት ቶሎ ብሎ «አልፏል፣ አታስቢ» ማለት ነው፤ ይህ ጥያቄዋን ነው የሚዘጋው።

በባርነት የተያዙት ሰዎች ራሳቸው ያደረጉትን ፈልጉ። ፍሬድሪክ ዳግላስ የሚባለው ሰው ልጅ ሳለ የሰፈር ልጆችን ዳቦ እየሰጠ ፊደል ይማር ነበር። ሀሪየት ተብማን እ.ኤ.አ. በ1849 አምልጣ፣ ወደ ኋላ ተመላልሳ 70 የሚያህሉ ሰዎችን አወጣች፤ ሰዎቹም «ሙሴ» ይሏት ነበር። መጽሐፉ ውስጥ ባሮቹ ሁልጊዜ የሚስቁ፣ ጌታው ሁልጊዜ ደግ ከሆነ፣ ይህ ሐሰት እንደሆነ ንገሪያት፤ ሥዕል ሁሉ እውነት አይደለም።

«ለምን ዝም አለ» ላለችው ቸኩለሽ አትመልሺ። ዮሴፍ በጕድጓድ ሆኖ ሲለምናቸው ወንድሞቹ አልሰሙትም (ዘፍጥረት 42፥21)፤ እግዚአብሔር ግን በዘጸአት 3፥7 «ጩኸታቸውን ሰማሁ» ይላል። በዮሴፍ መሸጥና በዘጸአት መካከል ብዙ ትውልድ አለፈ። ያ ዘመን ለምን እንደረዘመ እኔም አላውቅም፤ አንቺም አላውቅም ብትያት አይነውርም። ጸሎቷ ላይ ስለ እነዚያ ሕፃናት ትንገረው፤ ብትቆጣም ትቆጣ፤ መዝሙረ ዳዊትም በዚህ ዓይነት ቃል የተሞላ ነው።

ስለ እናትሽ፦ እርሳቸው የሰሙትን ነው የተናገሩት፤ በልጅሽ ፊት አታሳፍሪያቸው። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ቡናው ሲፈላ ልጅቷ ዘፍጥረት 9ን ከቁጥር 18 እስከ 27፣ ቀጥላም 10፥6ን ጮክ ብላ ታንብብላቸው። 9፥1ንም አስቀድማ ታንብብ። ማን ተባረከ፣ ማን ተረገመ፣ የረገመውስ ማን ነው ብላ አያቷን ትጠይቃቸው፤ እርሳቸው እስኪመልሱላት ድረስ አንቺ ቡናውን ቅጂ።