ከበርሜሉ የወጣው «መድኃኒት»

ጥያቄ፦ «የቡና ልጣጭ በባክቴሪያ ተብላልቶ መድኃኒት ይሆናል ሲባል በራዲዮ ሰማሁ። እኔም በርሜል ሞልቼ፣ ውሃ ጨምሬ ከደንኩት። ከ3 ሳምንት በኋላ ለቡና ችግኞቼ አጠጣሁ። ቅጠላቸው ቢጫ ሆነ። ላሚቱም ቀምሳ ተወችው። ባክቴሪያው ምን ጎደለው?» (ከጎማ ወረዳ፣ ጅማ)

መልስ፦ ጋሼ፣ ስለ ሽታው ምንም አልጻፉልኝም። እዚህ ሆኜ ግን ይሸተኛል። ላሚቱ ብልህ ናት።

ባክቴሪያማ ሞልቶ ነበር። የጎደለው አየር ነው። ውሃ ውስጥ የታፈነ ልጣጭ ስኳሩ ወደ አሲድ ይለወጥና ይኮመጥጣል፣ ይከረፋል። ያንን ለጋ ሥር ላይ ሲያፈሱት ችግኙ ቢጫ ቢሆን አይገርምም። አሁኑኑ ዝቃጩን ከሥሩ ጠርገው ያንሱ፤ ንጹሕ ውሃ ደጋግመው ያጠጡ።

ራዲዮው ጨርሶ አልዋሸም፤ ባክቴሪያ ከተረፈ ምርት መድኃኒት መሥራቱ እውነት ነው። ቫይታሚን ቢ12 በፋብሪካ የሚመረተው በባክቴሪያ ነው። ከስኳር ፋብሪካ የሚተርፈው ሞላሰስም ቀለባቸው ሆኖ ያገለግላል። እዚያ ግን አንድ የተመረጠ ዘር ብቻ ነው የሚገባው፤ ጋኑ በእንፋሎት ይጸዳል፤ መድኃኒቱም በመጨረሻ ተጣርቶ ይወጣል። የእርስዎ በርሜል ውስጥ ማን ገብቶ እንደተራባ ማን ያውቃል? ስለዚህ ለሰውም ለከብትም አይስጡ። ላሚቱ ታማብዎት ከሆነ የሞከሩት (ጠርጥሬያለሁ)፣ ወደ ቀበሌው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ይውሰዷት።

ልጣጩ ግን ለአፈር መድኃኒት ይሆናል። ያውም ገንዘብ ሳያወጡ።

ውሃው እስኪንጠፈጠፍ በተዳፋት ቦታ ያሳድሩት። ከዚያ 3 ጆንያ ልጣጭ፣ 1 ጆንያ የተከተከተ የበቆሎ አገዳ ወይም ደረቅ ሣር፣ ግማሽ ጆንያ እበትና ጥቂት እፍኝ አመድ እያፈራረቁ ይደርድሩ። ጉድጓድ አይቆፍሩ፤ ጉድጓድ ሌላ በርሜል ነው። ከመሬት በላይ፣ እስከ ወገብዎ ይከምሩና በእንሰት ወይም በሙዝ ቅጠል ይሸፍኑ።

መሃሉ ላይ ዘንግ ይሰኩ። በ3ኛው ወይም በ4ኛው ቀን መዝዘው በእጅዎ ይንኩት። ከሞቀ ባክቴሪያዎቹ ሥራ ላይ ናቸው። ከቀዘቀዘና ከሸተተ አየር አጥቷል፤ ደረቅ አገዳ ጨምረው ይገልብጡት። ከቀዘቀዘና ከደረቀ ደግሞ ውሃ ይርጩበት። እፍኝ አንስተው ሲጨምቁት አንድ ሁለት ጠብታ ብቻ ቢወጣ ልክ ነው። በየ2 ሳምንቱ የውጩን ወደ ውስጥ፣ የውስጡን ወደ ውጭ ያገላብጡ። ብዙዎች የሚሰንፉት እዚህ ላይ ነው። ክምሩ ያለ መገልበጥም ይበሰብሳል፤ ግን ክረምቱ ይቀድመዋል።

አንድ ነገር ልቆጣ። በየዓመቱ ቡና ሲለቀም በማጠቢያዎቹ አጠገብ ሳልፍ ልጣጩ ወንዝ ውስጥ ሲደፋ አያለሁ። ከታች ያለው ሰው ከዚያው ወንዝ ይቀዳል፣ ከብቱም ይጠጣል። ትኩሱን አምጥተው ቡና ግንድ ሥር የሚቆልሉም አሉ። ተዉ እንጂ! ዝንብና አሲድ ነው የምትጋብዙት።

ታኅሣሥ ላይ የከመሩት ሚያዝያ ላይ ጥቁር፣ ፍርፍር ያለ፣ የጫካ አፈር የሚሸት ይሆናል። ሰኔ ላይ ሲተክሉ ለአንድ ጉድጓድ 2 ወይም 3 ኪሎ ከላይኛው አፈር ጋር ይደባልቁ። በርሜሉን ደግሞ በደንብ አጥበው የዝናብ ውሃ ያጠራቅሙበት።