ሕንድና ቻይና ሲጣሉ ሥራ የሚበዛው ለማን ነው?

ደብዳቤሽ ባጭሩ ይህን ይላል፦ በኢኮኖሚክስ ተመርቀሽ አጎትሽ መርካቶ ባላቸው የመኪና መለዋወጫ ሱቅ ሒሳብ ትይዣለሽ። ለማስተርስ ከኒው ዴልሂም ከቤጂንግም ከነስኮላርሺፑ ተቀባይነት አግኝተሻል፤ ትምህርቱ ዓለም አቀፍ ንግድ ነው። ሁለቱ አገሮች ግን አንዱ በሌላው ዕቃ ላይ በር እየዘጉ ስለሆነ «እዚህ ብማር እዚያ ዋጋ አጣለሁ» ብለሽ ሠግተሻል። አጎትሽ ደግሞ «ሱቁን ያዢ፣ ወረቀት አያበላም» ይሉሻል። ቻይንኛ አለመቻልሽን፣ ዕድሜሽ 27 መሙላቱንና ብሪክስ የተባለውን የአገሮች ማኅበር በመጨረሻ ጠቅሰሻል።

በመጀመሪያው ጥያቄ ላይ ጠንከር ያለ አቋም ስላለኝ ብዙውን ቦታ እሱ ይውሰድ።

ወገን መምረጥ አይጠበቅብሽም። የእነዚህ አገሮች ጠብ በየሸቀጡ ነው፤ ወዳጅነታቸውም እንዲሁ። ሕንድ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2019 አርሴፕ ከተባለው የእስያ የንግድ ስምምነት ድርድር የወጣችው በዋናነት የቻይናን ዕቃ ፈርታ ነው። በሚያዝያ 2020 በየብስ ከሚዋሰኗት አገሮች የሚመጣ ኢንቨስትመንት ሁሉ የመንግሥት ፈቃድ እንዲያገኝ ደነገገች። በአሻንጉሊት ላይ የነበረውን 20 በመቶ ቀረጥ በ2020 ወደ 60፣ በ2023 ወደ 70 በመቶ አደረሰችው። ከ2021 መጀመሪያ ወዲህ ደግሞ የሕንድን የጥራት ምልክት ያላገኘ ፋብሪካ አሻንጉሊት ወደዚያ መላክ አይችልም፤ ምልክቱ እንዲሰጥ መርማሪ ፋብሪካው ድረስ መሄድ አለበት። ቪዛ ያልተሰጠው መርማሪ ከታሪፍ የባሰ አጥር እንደሚሆን ልብ በይ።

ይህ ሁሉ እየሆነ ሕንድ ከቻይና የምትገዛው አልቀነሰም። በ2024/25 የበጀት ዓመት ከቻይና ጋር ያላት የንግድ ጉድለት 99 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ደርሷል፤ የመድኃኒት ፋብሪካዎቿ ከውጭ ከሚያስገቡት ጥሬ ንጥረ ነገር አብዛኛው የሚመጣው ከዚያው ነው። በነሐሴ 2025 የሕንዱ ጠቅላይ ሚኒስትር ሞዲ ቻይና፣ ቲያንጂን ከተማ ሄደው ከፕሬዚዳንት ሺ ጋር ተጨባበጡ። በጥቅምት ከ2020 ጀምሮ ተቋርጦ የነበረው ቀጥታ በረራ ተጀመረ። በዚያው በጥቅምት ቻይና ሕንድ ለባትሪና ለመኪና ፋብሪካዎች የምትሰጠውን ድጎማ በመቃወም ለዓለም ንግድ ድርጅት ክስ አቀረበች። እንግዲህ ታረቁ ትያለሽ ወይስ ተጣሉ? ሁለቱም በአንድ ወር ሆነ። መጨባበጡን ጋዜጠኛ ይዘግበዋል፤ ክሱን ግን አንድ ሰው ቁጭ ብሎ በቁጥር መሥራት አለበት። ያን ሰው ሁኚ ነው የምልሽ።

ሥራው ምን እንደሚመስል በፀረ-ዳምፒንግ ምርመራ ላሳይሽ፤ ዕቃ በአገሩ ከሚሸጥበት ዋጋ በታች ወደ ውጭ ተሽጦ እንደሆነ የሚያጣራው ነው። ቁጥሮቹ የምሳሌ ናቸው። አንድ የቻይና ፋብሪካ ኬሚካል በቶን 930 ዶላር ሕንድ ወደብ ድረስ ያደርሳል እንበል፤ የመርከብ ኪራይና ኢንሹራንስ በዚህ ውስጥ አለ። ከዚህ ላይ የመርከብ ኪራይ 50፣ ኢንሹራንስ 5፣ የአገር ውስጥ ማጓጓዣና ወደብ 15፣ ኮሚሽን 10 ሲቀነስ ከፋብሪካ በር የወጣበት ዋጋ 850 ይሆናል። «መደበኛ ዋጋው» (በአገሩ ሊሸጥበት የሚገባው) 1,000 ከሆነ ልዩነቱ 150 ነው፤ ለ850 ሲካፈል 17.6 በመቶ ገደማ። ከ2 በመቶ በታች ቢሆን ኖሮ ምርመራው ይዘጋ ነበር።

ግን እዚህ አያበቃም። ሕንድ የምትጥለው የፀረ-ዳምፒንግ ቀረጥ በአገሯ ፋብሪካ ላይ የሚደርሰውን ጉዳት ለማስቀረት ከሚበቃው አይበልጥም። 930ው ላይ 7.5 በመቶ መደበኛ የጉምሩክ ቀረጥ ሲጨመር ዕቃው የሚገባበት ዋጋ 1,000 ገደማ ነው። የሕንድ ፋብሪካ ሳይጎዳ ሊሸጥበት የሚገባው ዋጋ 1,090 ነው ከተባለ ጉዳቱ 90 ዶላር ነው፤ ስለዚህ ቀረጡ 150 ሳይሆን 90 ይሆናል። በቶን የ60 ዶላር ልዩነት የተገኘው አንድ ሰው ሁለተኛውን ስሌት በትክክል ስለሠራ ነው።

የሚበላሸውም እዚሁ ነው። ጀማሪ የመርከብ ላይ ዋጋን ከፋብሪካ በር ዋጋ ጋር ያወዳድራል። የተለያየ ደረጃ ያለውን ዕቃ አንድ ላይ ያማካያል። በቻይና ላኪው ያልተመለሰለትን የተጨማሪ እሴት ታክስ መቀነስ ይረሳል። ከሁሉ የከፋው ቀነ ገደብ ማሳለፍ ነው፤ መርማሪው ለሚልከው መጠይቅ መልስ የሚሰጠው ጊዜ በአብዛኛው 30 ቀን ነው፣ ካለፈ መርማሪው በእጁ ባለው መረጃ ይወስናል፣ እሱም ብዙ ጊዜ ከሳሹ ያቀረበው ነው። አንድ ነገር ልጨምር፦ የቻይናው ፋብሪካ በገበያ ሕግ እንደሚሠራ ካላስረዳ ሕንድ የራሱን የአገር ቤት ዋጋ አትቀበለውም፤ ያ 1,000 ዶላር «መደበኛ ዋጋ» በአብዛኛው ከሕንድ አምራቾች ወጪ ላይ ትርፍ ተጨምሮ የተሠራ ነው። ምርመራው በ12 ወር ያልቃል፣ ቢበዛ 18። የምርመራ መሥሪያ ቤቱ ሐሳብ ያቀርባል እንጂ ቀረጡን የሚጥለው የገንዘብ ሚኒስቴር ነው፤ በ3 ወር ውስጥ ካልጣለው ድካሙ ሁሉ ይቀራል። ከተጣለ ለ5 ዓመት ይቆያል፣ ከዚያ እንደገና ይታያል። ይህን ማኅደር መሥራት የቻለ ባለሙያ ከሳሹም ተከሳሹም ይፈልገዋል።

ስለዚህ የእኔ ምርጫ ኒው ዴልሂ ነው። ምክንያቱ ፖለቲካ አይደለም፤ የሕንድ ምርመራ ውጤቶች ምሥጢሩ ተቀንሶላቸው በእንግሊዝኛ ለሕዝብ ይወጣሉ፣ አንዱን አንሥተሽ ስሌቱን ከመጀመሪያው መከተል ትችያለሽ። የቤጂንጉ በቻይንኛ ነው። ነገር ግን ከመወሰንሽ በፊት ሁለቱም ዩኒቨርሲቲዎች የኮርስ ዝርዝር እንዲልኩልሽ ጠይቂ። የንግድ መከላከያ ሕግ (እንደ ፀረ-ዳምፒንግ ያለው)፣ የወጪ ሒሳብና ዕቃ የየት አገር እንደሆነ የሚወስነው የስሪት አገር ደንብ ከሌሉበት፣ «ዓለም አቀፍ ግንኙነት»ና «የደቡብ-ደቡብ ትብብር» ብቻ ከሞላው፣ የትም ይሁን ይቅርብሽ። የጉምሩክ ወረቀት ያሳደገው ሰው አስተያየት ነው፤ ዲፕሎማት ብትጠይቂ ሌላ ይልሽ ይሆናል።

«ይህ ለኢትዮጵያ ምን ያደርጋል?» የሚል ካለ ማሾን ይጠይቅ። ሕንድ በየካቲት 2022 ማሾን በነጻ ከሚገቡ ዕቃዎች አውጥታ ፈቃድ በሚጠይቁት ውስጥ ስታስገባ፣ ወደዚያ ይልኩ የነበሩ የእኛ ላኪዎች ተመቱ። እንዲህ ያለ ማስታወቂያ ሲወጣ ብዙ ጊዜ ዕቃሽ መግባት አለመግባቱን የሚወስነው የቢል ኦፍ ሎዲንጉ (መርከቡ ጭነቱን መረከቡን የሚያሳየው ሰነድ) ቀን ነው። ማስታወቂያውን በወጣ ዕለት አንብቦ ለአለቃው «ዛሬ አትጫን» የሚል ሰው ያለው ላኪ ስንት ነው?

አሁን ወደ አጎትሽ። ልጅ ሆነሽ ውለውልሽ ይሆናል፤ አክብሪያቸው። ግን በደብዳቤሽ እንዳልሽው የቁርጥ ደመወዝ የለሽም፣ «የቤተሰብ ነው» እየተባለ እጅ በእጅ ይሰጥሻል። በዚህ ሁኔታ ሱቁን መያዝ ማለት በ35 ዓመትሽ ጡረታም፣ የሥራ ልምድ ደብዳቤም፣ ድርሻም ሳይኖርሽ መገኘት ነው። ያዢ የሚሉሽ ከልባቸው ከሆነ ድርሻሽን በውልና ማስረጃ ይጻፉልሽ። ካልጻፉ መልሱን አግኝተሻል። ከስኮላርሺፑ አበል ለቤት ትልኪያለሽ ብለው የሚጠብቁ ካሉም አሁኑኑ «አልልክም» በያቸው፤ ያ ገንዘብ የአንድ ተማሪ ቀለብ ነው።

እስክትሄጂ ግን ሱቁ ጥሩ ትምህርት ቤት ነው። ያለፈውን ዓመት የጉምሩክ ዲክላራሲዮኖች አውጪና የእያንዳንዱን ዕቃ ኤችኤስ ኮድ (ዕቃው ለጉምሩክ የሚመደብበትን ዓለም አቀፍ ቁጥር) ራስሽ ፈልገሽ አመሳክሪ። የፍሬን ሸራ ከብረቱ ጋር ተገጥሞ ከመጣ 8708.30 ነው፤ ያልተገጠመው ሸራ ብቻ ከሆነ 6813 ውስጥ ይገባል። የዘይት ፊልትሮ 8421.23፣ ኩሽኔታ 8482። የማይመሳሰል ካገኘሽ ለምን እንደተለያየ ለትራንዚተሩ ጠይቂው፤ ሲመልስልሽ ግማሹን ሙያ ትማሪያለሽ።

ቻይንኛ፦ ዴልሂ ከሄድሽ አያስፈልግሽም፤ ቤጂንግ ከመረጥሽ ግን የምርመራ ውጤቶቹን ለማንበብ የግድ ነው። ዕድሜ፦ 27 ምንም አይደለም። ብሪክስ፦ ኢትዮጵያ በ2024 መጀመሪያ ገብታለች፣ ቀረጥ የሚቀንስ ስምምነት ግን አይደለም። ቀረጥ የሚቀንሱልን ሕንድ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ፣ ቻይና ደግሞ ከታኅሣሥ 2024 ጀምሮ በሁሉም ዕቃ ላይ፣ በዕድገት እጅግ ወደ ኋላ ለቀሩ አገሮች የሚሰጡት ዕድል ነው፤ ለሁለቱም የስሪት አገር ሰርተፍኬት ያስፈልጋል።

የኮርስ ዝርዝሩ ሲደርስሽ ላኪልኝ፣ አብረን እናየዋለን። ለዴልሂው እሺ ከማለትሽ በፊት የአውሮፕላን ትኬቱን ማን እንደሚከፍል በጽሑፍ ጠይቂ።