ሚስማሩን ሳታይ መሣሪያውን አትግዛ

ጥያቄ፦

ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ሜሪላንድ ከመጣሁ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። አዲስ አበባ ሳለሁ ለሰባት ዓመት የፎርም ወርክ (የኮንክሪት ቅርጽ ማውጫ) አናጺ ነበርኩ። እዚህ የእንጨት ቤት ከሚያቆሙ ልጆች ጋር እሠራለሁ። እስካሁን እንጨት መሸከምና መቁረጥ ነበር ሥራዬ። ባለፈው ሳምንት ካፖዬ (የሥራ አለቃዬ)፣ «ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ የራስህን ኔይል ገን (የሚስማር መምቻ) ይዘህ ና፣ ግድግዳ ላይ ትገባለህ» አለኝ። ክፍያዬም ይጨምራል። አንድ ሰው ያገለገለ በአየር የሚሠራ ኮይል ኔይለር (ሚስማሩ በጥቅል የሚገባበት) በ120 ዶላር ሊሸጥልኝ ነው። ጓደኛዬ ደግሞ «ኮይል ከባድ ነው፣ ስቲኩን (ሚስማሩ ቀጥ ብሎ ተሰድሮ የሚገባበትን) ግዛ» ይለኛል። የቱ ይሻለኛል? ኮይሉን ከገዛሁስ ምን ምኑን ልይ?

ከሲልቨር ስፕሪንግ

መልስ፦

ወንድሜ፣ በመጀመሪያ እንኳን ደስ አለህ። ከመሸከም ወደ ግድግዳ መሻገር ትንሽ ነገር አይደለም። እኔ እዚያ ለመድረስ ሦስት ዓመት ፈጅቶብኛል።

የጓደኛህን ምክር ለጊዜው አቆየው። ነገ ጠዋት ሥራ ቦታ ስትደርስ ካፖህ መኪና ላይ ያሉትን የሚስማር ሳጥኖች ተመልከት። መሣሪያውን የምታመጣው አንተ ነህ፣ ሚስማሩን የሚገዛው ግን እሱ ነው። ሚስማሩ በቀጭን ሽቦ ተያይዞ ክብ ሆኖ የተጠቀለለ ከሆነ ኮይል ግዛ። በፕላስቲክ ወይም በወረቀት ቀጥ ብሎ የተሰደረ ከሆነ ደግሞ ስቲክ ግዛ። ያን ጊዜ ዲግሪውንም (ሚስማሩ ያዘነበለበትን መጠን) አንብብ፤ የ21 ዲግሪው ሚስማር የ30 ዲግሪው መሣሪያ ውስጥ አይሠራም። በሽቦ የተያዘው የኮይል ሚስማር አብዛኛውን ጊዜ 15 ዲግሪ ነው።

ይህን የምልህ ስለተቀጣሁበት ነው። የመጀመሪያ መሣሪያዬን ርካሽ ስላገኘሁ ብቻ ገዛሁት። ስቲክ ነበር። ልጆቹ ሁሉ የሚመቱት በኮይል ነው። አራት ወር ሙሉ ሚስማር ከኪሴ ገዛሁ። ሲያልቅብኝም ከጎኔ ካለው ሰው መበደር አልቻልኩም። መሰላል ላይ ቆሜ የሌላውን ሰው ሳጥን እያየሁ ሥራ የፈታሁበትን ቀን እስከ ዛሬ አልረሳውም።

ሳጥኑ ኮይል ነው ብለን እንቀጥል። ጓደኛህ ስለ ክብደቱ ያለው እውነት ነው። የፍሬም (የቤቱን የእንጨት አጽም ማቆሚያ) ኮይል ኔይለር ባዶውን ወደ 9 ፓውንድ ይጠጋል። 200 ባለ 3 ኢንች ሚስማር ስትጨምርበት ከ2 ፓውንድ በላይ ይመጣበታል። ወለል ላይ ጎንበስ ብለህ ስትመታ ክብደቱ ያግዝሃል። እጅህን ከራስህ በላይ አንስተህ ስትሠራ ግን ከሰዓት በኋላ ትከሻህ ይናገራል። እኔ እንደዚያ ስሠራ ካዝናውን (የሚስማሩን ማስቀመጫ) በግማሽ ነው የምሞላው። ጥቅሉን በሽቦ መቁረጫ ለሁለት መክፈል ይቻላል።

በምትኩ የምታገኘው ጊዜ ነው። ኮይሉ ከ200 እስከ 300 ሚስማር ይይዛል። ስቲኩ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከ60 እስከ 80። የወለል ፕላይዉድ ስትመታ ልዩነቱ ወዲያው ይታይሃል። ስቲክ የያዘው ሰው በየደቂቃው ወገቡ ላይ ካለው ከረጢት ሚስማር ሲፈልግ፣ አንተ መስመርህን ትጨርሳለህ። ቅርጹም አጭር ነው። ስተዶቹ (የግድግዳው ቋሚ እንጨቶች) በ16 ኢንች ርቀት ሲቆሙ መሐላቸው የሚቀረው ክፍተት 14 ኢንች ተኩል ነው። ረጅም ካዝና ያለው መሣሪያ እዚያ ውስጥ ሲዞር ይጋጫል፤ ኮይሉ ብዙ አያስቸግርም። ለግድግዳና ለወለል ሥራ እኔ ኮይል መራጭ ነኝ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ኮይል የሚባል መሣሪያ ሁሉ የፍሬም አይደለም። የጣሪያ ሺንግል (የጣሪያ ክዳን) መምቻው ኮይል ነው፤ ትልቁ ሚስማሩ 1 ኢንች ከሦስት አራተኛ ነው። የሳይዲንግ (የውጭ ግድግዳ ልባስ) መምቻውም ኮይል ነው፤ እሱ ብዙውን ጊዜ ከ2 ኢንች ተኩል አያልፍም። ሻጮች ሁሉንም «ኮይል ኔይለር» ብለው ነው የሚያወጡት። ለአንተ የሚያስፈልግህ ቢያንስ እስከ 3 ኢንች ከሩብ የሚወስድ ነው። ያ ማለት አገር ቤት ከምታውቀው ባለ 8 ሳንቲሜትር ሚስማር ትንሽ የሚበልጥ ነው። መጠኑ መሣሪያው ላይ ተጽፏል፤ ካልተነበበ ደግሞ በሞዴል ቁጥሩ ፈልገው። ለምሳሌ ኤንቪ 83 የሚባለው ከ2 እስከ 3 ኢንች ከሩብ ይመታል። የቆየው ላይ ሂታቺ የሚል ታገኛለህ፣ አዲሱ ላይ ሜታቦ ኤችፒቲ። በ2018 ስሙ ተቀየረ እንጂ መሣሪያው ያው ነው፤ አትደናገር።

ከርዝመቱ ይልቅ ሰው የሚዘነጋው ውፍረቱን ነው። አገር ቤት ሚስማር በኪሎ ገዝተን በርዝመቱ ነበር የምንጠራው። እዚህ ኢንስፔክተሩ (የግንባታ ተቆጣጣሪው) የሚጠይቅህ ውፍረቱን ነው። የኮይል ሚስማር 0.099፣ 0.113፣ 0.120 እና 0.131 ኢንች እየተባለ ይሸጣል። ቀጭኖቹ ለፓሌትና ለአጥር ጥሩ ናቸው። ቤት ለሚሸከም ግድግዳ ግን 0.131 ነው የለመድነው። ስተድን ከፕሌት (ከላይና ከታች ከሚጋደመው እንጨት) ጋር በጫፉ ስትመታ የመኖሪያ ቤት ግንባታ ደንቡ (ኮዱ) ባለ 3 ኢንች፣ 0.131 ሚስማር 3 ይፈልጋል። ባለ 16 ፔኒ ኮመን የሚባለው ወፍራም ሚስማር ከሆነ 2 ይበቃል። ሚስማሩ ሲቀጥን ቁጥሩ ይጨምራል ማለት ነው። ስለዚህ የምትገዛው መሣሪያ 0.131 የሚወስድ መሆኑን አረጋግጥ።

አንድ ጊዜ አንድ ተቋራጭ ዋጋው ቀንሷል ብሎ 0.113 ሚስማር አመጣልን። ማንም ሳጥኑን አላነበበም። የሁለተኛው ፎቅ ግድግዳ በሙሉ በእሱ ተመታ። ኢንስፔክተሩ መጣ፣ ከመሬት ባዶ ሳጥን አነሳና ጎኑን አነበበ። ከዚያ ዝም ብሎ ወረቀቱ ላይ ጻፈ። ሁለት ቀን ሙሉ እየዞርን ሚስማር ጨመርን። ከዚያ ወዲህ ሳጥን ስከፍት መጀመሪያ ጎኑን ነው የማነበው።

ስለ ምላጩ ደግሞ ልንገርህ። ይህን በደንብ ስማኝ። ሁለት ዓይነት አለ። አንደኛው፣ አፈሙዙን እንጨቱ ላይ ትጫንና ምላጩን ትስባለህ፤ አንድ ሚስማር ይወጣል። ሌላ ለመምታት ምላጩን ለቀህ እንደገና መሳብ አለብህ። ሁለተኛው፣ ምላጩን ስበህ እንደያዝክ አፈሙዙን ባስነካኸው ቁጥር ይተኩሳል። ልጆቹ «በምፕ» የሚሉት እሱን ነው። ፈጣን ነው። እጅ የሚበሳውም እሱ ነው። ኦሻና ናዮሽ የሚባሉት የአሜሪካ የሥራ ደህንነት መሥሪያ ቤቶች በ2011 ባወጡት መመሪያ፣ በዚህ በሁለተኛው የመጎዳት ዕድል ከመጀመሪያው በእጥፍ እንደሚበልጥ ጽፈዋል። ከጉዳቱም ከግማሽ በላይ የሚደርሰው እጅና ጣት ላይ ነው።

እኔ በ2006 ደርሶብኛል። በስተዶቹ መሐል አጭር እንጨት እያስገባሁ ነበር። እንጨቱን በግራ እጄ ይዣለሁ፣ የቀኝ ጣቴ ምላጩን እንደሳበ ነው። መታሁ። መሣሪያው ነጥሮ ተመለሰና ሌላ ቦታ ነካ። ሁለተኛው ሚስማር በአውራ ጣቴና በጠቋሚ ጣቴ መሐል አልፎ ጓንቴን ከእንጨቱ ጋር ሰፋው። መጀመሪያ አላመመኝም። እጄን ልስብ ስል ነው አልመጣ ያለኝ። ሐኪሙ ሚስማሩን ካወጣ በኋላ ቁስሉ ውስጥ ሲፈልግ ቆየ። ኮይሉን የሚያያይዘው ሽቦ ቁራጭ አብሮ ገብቶ ኖሯል። ለስድስት ሳምንት ሥራ አልሠራሁም። ልጄ ያኔ የአራት ወር ነበረች።

ስለዚህ ሊሸጥልህ ያለው መሣሪያ ላይ የትኛው ምላጭ እንዳለ ጠይቅ። በምፕ ከሆነ፣ ለብዙዎቹ ሞዴሎች አንድ በአንድ የሚያስተኩሰው ምላጭ ለብቻው ይሸጣል፤ ገዝተህ አስቀይር። «ትዘገያለህ» የሚሉህ አይጠፉም። ቢያንስ የመጀመሪያውን ዓመት በእሱ ሥራ። መነጽር ደግሞ ካይንህ እንዳይወልቅ። ያ ሽቦ በተኮስክ ቁጥር ተቆርጦ ይበተናል።

ኮምፕሬሰሩ የካፖህ ስለሆነ ብዙ አያሳስብህም። የአየር ቱቦህ ግን የሦስት ስምንተኛ ኢንች ይሁን፤ ቀጭኑ ከረዘመ መሣሪያው ይራባል። ግፊቱን ከ90 ፒኤስአይ ጀምርና የምትሠራበት ዓይነት ቁራጭ እንጨት ላይ ሞክር። የሚስማሩ ራስ ከእንጨቱ ጋር እኩል መሆን አለበት። ኦኤስቢ (ከእንጨት ፍልጥ የተጨመቀ ሰሌዳ) ስትመታ የሚስማሩ ራስ ፊቱን በስቶ ከገባ ግፊቱን ቀንስ። ሰንጥቆ የገባ ሚስማር ሰሌዳውን አይዝም፣ ግድግዳው የነፋስ ጉልበት የሚቋቋመው ደግሞ በዚያ ሰሌዳ ነው። ጠዋት ጠዋት የአየር መሣሪያ ዘይት ሁለት ሦስት ጠብታ በአየር መግቢያው ጣል። ኮንክሪቱ ላይ ለሚያርፈው መድኃኒት የተነከረ እንጨት ደግሞ በዚንክ የተነከረውን ሚስማር ተጠቀም፤ ተራው ሚስማር በመድኃኒቱ ውስጥ ባለው መዳብ ይበላል።

ያ የ120 ዶላሩ መሣሪያ ደህና ከሆነ ዋጋው አይከፋም። ቅዳሜ ልታየው ስትሄድ ከካፖህ ሳጥን ውስጥ አንድ ጥቅል ሚስማርና ሁለት ባለ 2 በ 4 ቁራጭ እንጨት ይዘህ ሂድ። መጀመሪያ አየር ሳይገባበት የአፈሙዙን መነካኪያ በእጅህ ተጫነው። ስትለቀው ፈጥኖ መመለስ አለበት። ሽቦ አስረው ወይም ነቅለው ያጠፉት ከሆነ አትንካው። የካዝናውን ክዳን ክፈትና ጥቅሉ የሚቀመጥበትን ሳህን ተመልከት። እንደ ሚስማሩ ርዝመት ከፍና ዝቅ ይላል። ያ ካልተስተካከለ ሚስማሩ ይጨናነቃል፣ ብዙ ሰው ደህናውን መሣሪያ «ተበላሽቷል» ብሎ የሚሸጠውም በዚህ ነው። ከዚያ አየር ይግባበት። ጆሮህን አስጠጋ። ከምላጩ ወይም ከራሱ ክዳን «ስስስ» የሚል ድምፅ ከመጣ የጎማ ቀለበቱ አልቋል። እሱ ብዙ ወጪ የለውም፣ ዋጋ አስቀንስበት። ሁለቱን ቁራጮች ደርበህ 20 ሚስማር ምታ። የአንዳንዱ ራስ ግማሽ ጨረቃ ሆኖ ከተቀጠቀጠ የመምቻው ዘንግ ጫፍ ተበልቷል። ያ ከቀለበቱ ይወደዳል።

ሻጩ «ኮምፕሬሰር የለኝም፣ ግን ይሠራል» ካለህ፣ ዶላርህን ኪስህ መልሰህ ሚስማርህን ይዘህ ወደ ቤትህ ተመለስ።