«ሥዕሌን አውርዶ አልጋ ሥር ከተተው»

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬ 29 ነው፤ ካገባሁ ሁለት ዓመት ሆኖኛል። ከአራት ወር በፊት ልደታ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ባለ አንድ መኝታ የራሳችን ቤት ገባን። ከኪራይ ተገላገልን ብለን ደስ ባለን ማግስት ጠብ ጀመርን። ቀለም ቀቢ የጠየቀን ዋጋ ስለከበደን ባለቤቴ «ራሳችን እንቀባዋለን» ብሎ ሳሎኑን ጀመረ። ሁለት ግድግዳ ቀብቶ ተወው፤ የተቀባውም ዝንጉርጉር ሆኖ ነው የደረቀው። «መቼ ነው የምትጨርሰው?» ስለው ይቆጣል። እኔ ደግሞ ሥዕል እወዳለሁ። አልተማርኩትም፣ ቅዳሜና እሁድ በአክሪሊክ ቀለም እሞክራለሁ። አንዱን ሳሎን ሰቅዬው ነበር። ባለፈው ወር እናቱ ሊጠይቁን በመጡ ዕለት ከሥራ ስመለስ ሥዕሌ ወርዶ የሰርጋችን ፎቶ ተሰቅሏል። ሥዕሉን አልጋ ሥር አገኘሁት። ስጠይቀው «የልጅ ሥራ ይመስላል፣ ሰው ሲያየው ያሳፍራል» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ብሩሽ አልነካሁም፤ ሳሎን መቀመጥም አስጠልቶኛል። እህቴ ጋ ሄጄ ልሰንብት? ሥዕሉንስ መልሼ ልስቀለው? — ብ. ከልደታ

መልስ፦ እህቴ፣ የጻፍሽልን ሁለት ጉዳይ ነው። አንዱ ያላለቀ ግድግዳ ነው፤ እሱ በሁለት ቀን የሚያልቅ ሥራ ነው። ሌላው ሳትጠየቂ የወረደ ሥዕል ነው፤ እሱን ቀለም አይሸፍነውም። ሁለቱ ተጠላልፈው አንድ ጠብ ስለሆኑባችሁ ነው ያልተፈቱት። ከከባዱ ልጀምር።

ባለቤትሽ ሥዕሉ ባይማርከው መብቱ ነው። ጥፋቱ ያለው ማውረዱ ላይ፣ ያውም አንቺ በሌለሽበት ማውረዱ ላይ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ተከራይቶ የኖረ ሰው ሁሉ «ሚስማር እንዳትመቱ» የምትለዋን የአከራይ ማሳሰቢያ ያውቃታል። በራስሽ ቤት የመጀመሪያውን ሚስማር መተሽ የሰቀልሽው የገዛ እጅሽን ሥራ ነው። እሱ ሲወርድ «እዚህም ተከራይ ነኝ ማለት ነው?» የሚል ስሜት ቢመጣብሽ አይገርምም። ቅር ያሰኘሽ የሥዕሉ መናቅ ብቻ አይመስለኝም፤ በቤቱ ላይ ድምፅ እንደሌለሽ መቆጠርሽ ነው።

በእሱ በኩል ደግሞ አንድ ግምት ልጨምር። ልክ ላይሆን ይችላልና እሱኑ ጠይቂው። እናቱ «ቤት ለእምቦሳ» ብለው ሊገቡ ነው። ሳሎኑ ግማሹ የተቀባ፣ ግማሹ ያልተቀባ፣ የተቀባውም ዝንጉርጉር ነው፤ ቀቢው ደግሞ ራሱ ነው። ግድግዳውን ማውረድ አይችልም፤ ሥዕሉን ግን ማውረድ ይችላል። የራሱን ኀፍረት በአንቺ ሥራ አስተነፈሰ ማለት ነው። ይህ ከጥፋቱ ነፃ አያወጣውም፤ ግን «ይንቀኛል» ከሚለው ድምዳሜ በፊት ሊታይ ይገባል።

ተመራማሪው ማይክል ኖርተንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተሙት ጥናት ሰዎች በገዛ እጃቸው የገጣጠሙትን ዕቃ ከሌላው አስበልጠው እንደሚወዱት አሳይተዋል። ለእናንተ የሚጠቅመው ግን የጥናቱ ሌላኛው ግማሽ ነው፦ ሥራው ሳይጠናቀቅ ሲቀር ወይም የሠሩት ሲፈርስ ያ ፍቅር አይታይም። ባለቤትሽ ግድግዳውን የማይወደው፣ አንቺም ሥዕልሽን ለመንካት የፈራሽው በዚህ ሊሆን ይችላል። የእሱ አላለቀም፤ የአንቺ አልቆ ወረደ።

«ሳሎን መቀመጥ አስጠላኝ» ያልሽውም ቅብጠት አይደለም። ዳርቢ ሳክስቢና ሪና ረፔቲ የተባሉ ተመራማሪዎች ሎስ አንጀለስ ውስጥ 60 ባለትዳሮችን ቤታቸውን እያዞሩ እንዲያስጎበኙ አድርገው የተጠቀሙባቸውን ቃላት መዝግበው ነበር። ቤታቸውን «የተዝረከረከ»፣ «ያላለቀ» እያሉ የገለጹ ሚስቶች የጭንቀት ሆርሞናቸው በቀኑ ውስጥ እንደሚጠበቀው አይወርድም፤ ስሜታቸውም እየከፋ ይሄድ ነበር። በባሎቹ ላይ ይህ እንደዚያ ጎልቶ አልታየም። እሱ አጠገቡ ተቀምጦ ኳስ የሚያይበት ግድግዳ አንቺን ቀኑን ሙሉ ይጎነትልሻል። «መቼ ነው የምትጨርሰው?» ስትዪው ሸክምሽን እያወረድሽ ነው፤ እሱ የሚሰማው ግን «አቃተህ» ብቻ ነው።

አሁን ወደ ንግግሩ። ሲቢል ካሬርና ጆን ጎትማን የተባሉ የትዳር ተመራማሪዎች 124 አዲስ ተጋቢ ጥንዶችን ለስድስት ዓመት ተከታትለው፣ የትዳሩን አቅጣጫ ከአንድ የጭቅጭቅ ንግግር የመጀመሪያ ሦስት ደቂቃ መገመት እንደሚቻል አግኝተዋል። ስለዚህ አጀማመሩን አስቢበት። ሳሎን ውስጥ ግድግዳው ላይ አፍጥጣችሁ አትነጋገሩ። እሱ ከሥራ በገባበት ሰዓትም አይሁን። እሁድ ከቡና በኋላ ወይም በእግር እየሄዳችሁ ይሻላል፤ ጎን ለጎን የሚሄድ ሰው ዓይን ለዓይን ስለማይፋጠጥ ይቀለዋል። የምትዪው አጭር ይሁን፦ «ሥዕሌን አልጋ ሥር ሳገኘው ቤቱ የእኔም እንዳልሆነ ተሰማኝ። ባትወደው ችግር የለውም። የእኔን ነገር ከማንሳትህ በፊት ግን ጠይቀኝ።» ከዚያ ዝም በይ። አብዛኛው ንግግር የሚበላሸው እዚህ ጋ ነው፤ ዝምታው ሲከብድ ሰው አንድ ዓረፍተ ነገር ይጨምራል፣ የምትጨመረው ደግሞ ብዙ ጊዜ «እናትህ ፊት ለማማር ብለህ» የምትለዋ ናት። «እናትህ» የሚለው ቃል ከገባ ወሬው ስለ ሥዕል መሆኑ ያበቃል። «ሁልጊዜ» እና «መቼም አንተ» የሚሉትንም ለዚያን ቀን ተያቸው። ቢቀልድበት «እኔን አላሳቀኝም» በይና ጠብቂ። ቢቆጣ «ነገ እንቀጥል» ብለሽ ተነሺ፤ ነገ ግን በእርግጥ ቀጥዪ።

የንግግሩ ፍሬ ይቅርታ ብቻ ከሆነ በሚቀጥለው እንግዳ ቀን ይደገማል። ግድግዳዎቹን ተከፋፈሉ። የምቀልድ እንዳይመስልሽ፤ በእንዲህ ያለ ጠባብ ሳሎን መስኮትና በር የወሰዱትን ስትቀንሺ የሚሰቀልበት ግድግዳ ሁለት ብቻ ነው የሚቀረው። አንዱ የአንቺ፣ አንዱ የእሱ ይሁን። በእያንዳንዱ ግድግዳ ላይ ግድግዳው የደረሰው ሰው ብቻ ይወስናል፤ ሌላው አስተያየቱን የሚሰጠው ሲጠየቅ ነው፣ እሱንም አንዴ። ቴሌቪዥኑ ያለበትን እሱ ይውሰደው። የሰርጉ ፎቶ የሁለታችሁ ስለሆነ ቦታውን አብራችሁ ምረጡለት። አሁን በብስጭት ተነስተሽ እንዳታወርጂው፤ ያኔ እኩል ትሆናላችሁ እንጂ አትታረቁም።

ከዚያ ግድግዳውን ጨርሱት። ቀለሙ ለምን ዝንጉርጉር እንደሆነ ሳታውቁ ላዩ ላይ ሌላ ቀለም ብታለብሱት ያው ይሆናል። እጅሽን ባልተቀባው ግድግዳ ላይ አሻሺ። ነጭ ዱቄት ከያዘሽ የቀድሞው ቀለም እየተራገፈ ስለሆነ አዲሱን አንዱ ቦታ ይመጠዋል፣ ሌላው ይተፋዋል። ሁለተኛው ምክንያት የአቀባብ ነው፦ ግማሽ የደረቀ ቀለም ላይ ሮለር ተመልሶ ከሄደ መስመር ይሠራል። በጋ አየሩ ደረቅ ስለሆነ ቀለም ቶሎ ይይዛል፤ ብቻውን የሚቀባ ሰው ጥጉን በብሩሽ ጨርሶ ወደ ሮለሩ እስኪመለስ ጠርዙ ደርቆ ይጠብቀዋል። ሦስተኛው ለማብቃቃት ተብሎ የሚጨመር ውኃ ነው። ግድግዳው ከታች ጀምሮ እየፈካ የሚላቀቅ ከሆነ ግን እርጥበት አለ፤ ከመታጠቢያ ቤት ወይም ከውጭ የሚገባው ውኃ ሳይቆም አትቀቡ።

አሠራሩ ይህ ነው። የለቀቀውን በስፓቱላ ፋቁት፣ ቀዳዳውን በስቱኮ ሙሉት፣ ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሱትና አቧራውን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት። (አሮጌ የዘይት ቀለም ያለበትን በደረቁ አትፈግፍጉ፤ እርሳስ ሊኖርበት ስለሚችል እያረጠባችሁ ይሁን፣ ሕፃንና ነፍሰ ጡር አይቅረቡ።) ከዚያ አንድ እጅ ፕራይመር (ከቀለሙ በፊት የሚቀባው መነሻ)፣ በላዩ ሁለት እጅ ፕላስቲክ ቀለም። በእያንዳንዱ እጅ መካከል ቢያንስ አራት ሰዓት፣ በክረምት ደግሞ እስከ ማግስቱ ጠብቁ።

መጠኑን ለክታችሁ ግዙ። 4 በ3.5 ሜትር የሆነ፣ ቁመቱ 2.6 ሜትር የሆነ ሳሎን ዙሪያው 15 ሜትር ነው፤ ግድግዳው 39 ካሬ ይሆናል። በርና መስኮት ሲቀነስ 35 ካሬ ያህል ይቀራል፤ ሁለት እጅ ሲቀባ 70። አንድ ሊትር ለስላሳ ግድግዳ ላይ ወደ 10 ካሬ፣ በሚመጥ ግድግዳ ላይ 7 ካሬ ያህል ይሸፍናል። ስለዚህ ከ7 እስከ 10 ሊትር፣ ፕራይመሩ ደግሞ 4 ሊትር አካባቢ ያስፈልጋል። «ጋሎን» የሚለውን ስም ትታችሁ ቆርቆሮው ላይ የተጻፈውን ሊትር እዩ። ሁሉንም በአንድ ጊዜ ገዝታችሁ በትልቅ ባልዲ ደባልቁት፤ በተለያየ ቀን የተቀመመ ቀለም ስሙ አንድ ቢሆንም መልኩ ይለያል።

ቀለሙን ስትመርጡ ከሱቁ ካታሎግ አትወስኑ፤ ጭቅጭቁ የሚጀመረው «አንቺ ነሽ የመረጥሽው» ተብሎ ነው። ትንሹን መጠን ግዙና የካርቶን ክዳን ላይ ሁለት እጅ ቀቡት። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ መስኮቱ አጠገብ፣ ማታ አንድ ሰዓት ላይ አምፖል ሥር፣ ከዚያ ከሶፋው ኋላ አቁሙት። ጠዋት ክሬም የነበረው በነጩ ኤልኢዲ አምፖል አመድማ ሊሆን ይችላል። ሁለት ቀን አብራችሁት ኑሩ፣ ከዚያ ሁለታችሁም «እሺ» በሉ። ቡና የምታፈዪበት ጥግ ከሰልና ዕጣን ስለሚያጠቁረው እዚያ የሚታጠበውን ዓይነት ምረጡ።

ሥራውን አብራችሁ ሥሩት፤ ለትዳሩ ሳይሆን ለቀለሙ ስል ነው። አንቺ የ5 ሳንቲ ሜትር ብሩሽ ይዘሽ ጥጉንና የዞኮሎውን ጠርዝ ቅቢ፤ ሥዕል የለመደ እጅ አይንቀጠቀጥም። እሱ በሮለር ይከተልሽ። አንቺ ከአንድ ሜትር በላይ አትቅደሚው፣ እሱም ከላይ እስከ ታች አንድ ሜትር ስፋት እየያዘ ይሂድ። አንድ ግድግዳ ከተጀመረ ሳያልቅ አይተው፤ ስልክም አይነሳ። እየቀባ ሳለ «እዚህ ጋ ቀረህ» ማለት ክልክል ነው። እርጥብ ቀለም ሁሌም የቀረ ይመስላል። ሲደርቅ የቀረውን በወረቀት ፕላስተር ምልክት አድርጉና ሁለተኛው እጅ ላይ ያዙት። ሥራውን ሁሉ በአንድ ቀን ልጨርስ አትበሉ፤ ቅዳሜ ማዘጋጀቱንና ፕራይመሩን፣ እሁድ ጠዋት ሁለት ሰዓት ጀምሮ ቀለሙን። አቅም ካነሰ ስቱኮውንና ኮርኒሱን ባለሙያ ይሥራው፣ የመጨረሻውን እጅ እናንተ ቀቡት።

አማትሽን በተመለከተ አንቺ ምንም አትንገሪያቸው። ልጃቸው ነው መናገር ያለበት፣ ሳይመጡ በፊት፣ በስልክ፦ «እማዬ፣ ሳሎን ያለው ሥዕል የእሷ ነው፤ የሰቀልነው ተስማምተን ነው።» «ተስማምተን» የምትለዋ እንዳትቀር።

እህትሽ ጋ መሄዱ ላይ፦ አኩርፈሽ ሻንጣ ይዘሽ ከወጣሽ የምትመለሺው በሽማግሌ ነው፤ የግድግዳ ነገር የቤተሰብ ጉዳይ ይሆናል። ቀለሙ በሚሸትበት ሌሊት ሁለታችሁም ሄዳችሁ ብታድሩ ግን ጥሩ ሐሳብ ነው። ያልጻፍሽልን ነገር ካለ፣ ማለትም ገንዘብሽን የሚይዝ፣ የት እንደምትሄጂ የሚቆጣጠር፣ የሚሰድብ ወይም እጁን የሚያነሳ ከሆነ፣ ይህ ሁሉ ምክር አይሠራም፤ ወደ እህትሽ ሂጂና ባለሙያ አማክሪ። እንቅልፍ ማጣት ወይም ነገር ሁሉ ማስጠላት ከሁለት ሳምንት በላይ ከቀጠለብሽም ባለሙያ አማክሪ።

ሥዕሉን ዛሬውኑ ከአልጋ ሥር አውጪው። አክሪሊክ ደርቆም ቢሆን ለስላሳ ስለሆነ አቧራ ይይዛል፣ ፕላስቲክ ከተጫነውም ይጣበቃል። መኝታ ቤት አቁመሽ አስቀምጪው። የአንቺ ግድግዳ ከተቀባ ሁለት ሦስት ቀን ካለፈው በኋላ ስቀዪው፤ አዲሱን ቀለም ይዞ እንዳይላጥ ከኋላው ታችኛው ጥጎች ላይ ትንሽ ስፖንጅ ለጥፊ። ግድግዳው ብሎኬት ስለሚሆን ሚስማር ልስኑን ያራግፈዋል፤ በ6 ሚሊ ሜትር መሰርሰሪያ በስታችሁ ፊሸር (ብሎን የሚይዘውን የፕላስቲክ መሰኪያ) አስገቡ። የሥዕሉ መካከል ከወለሉ 150 ሳንቲ ሜትር አካባቢ፣ ከሶፋ በላይ ከሆነ የታችኛው ጠርዙ ከሶፋው መደገፊያ አናት 20 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ይሁን። ቁመቱን አንቺ ለኪ፤ ድሪሉን እሱ ይያዝ።