ሁለት የአይዝጌ ሰዓት ሰጥቶ አንድ ቲታኒየም መውሰድ፦ እኔ ያለፍኩበት

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሁለት የአይዝጌ ሰዓት አለህ፣ አንዱ የጠላቂ ሰዓት ነው፣ ሁለቱንም ሰጥተህ ከላዩ ገንዘብ ጨምረህ ያገለገለ ቱዶር ፔላጎስ (የስዊሱ ቱዶር የሚሠራው የቲታኒየም ጠላቂ ሰዓት) ልትወስድ አስበሃል። «ያዋጣኛል ወይ? ምን ምኑን ልይ?» ነው ያልከው። እኔ ከአራት ዓመት በፊት ይሄንኑ አድርጌዋለሁ። ሦስት ሰዓት ሰጥቼ አንድ ነው የወሰድኩት። አንዳንዱን ነገር አውቄበት አደረግኩ፣ አንዳንዱን ደግሞ ተሞኘሁ። ሁለቱንም ልንገርህ፣ ትንሽ ይረዝማል።

ከጭረቱም ከማሽኑም በፊት ክብደቱን እናውራ። እኔ ሳጥኑን ከፍቼ ሰዓቱን ሳነሳው ባዶ ቀፎ የያዝኩ መሰለኝ። ፎርጅድ ሸጠውልኝ ይሆን ብዬ ልቤ ድንግጥ አለ። ለዓመታት ከባድ ሰዓት ጥሩ ሰዓት ነው እያልኩ ስለኖርኩ እጄ ራሱ አላመነም። ነገሩ ግን ግልጽ ነው። ቲታኒየም በኪዩቢክ ሴንቲሜትር 4.5 ግራም ገደማ ይመዝናል፣ አይዝጌ ወደ 8 ግራም ነው። በዚያ ላይ ቀለሙ ደብዘዝ ያለ ግራጫ ነው፣ አያብረቀርቅም። ማታ ሰዎች መሀል ተቀምጠህ ማንም ዞር ብሎ አያይልህም። እውነቱን ለመናገር የመጀመሪያውን ሳምንት ቅር ብሎኝ ነው ያሳለፍኩት።

ከዚያ አንድ ቀን የድሮውን የአይዝጌ ሰዓቴን አነሳሁና አሰርኩት፣ እንደ ካቴና ከበደኝ። ቀኑን ሙሉ ስጽፍ እጄ ላይ መኖሩን ሳውቀው ዋልኩ። የቲታኒየሙን ግን እጄ ላይ መኖሩን ረስቼው ተኝቼበት አውቃለሁ። እና የምጠይቅህ ይሄን ነው፤ ሰዓት ስታስር ደስ የሚልህ ምኑ ነው? ክብደቱና ብልጭታው ከሆነ አትለውጥ። አንድ ጓደኛዬ እኔን አይቶ ገዛና ሦስት ወር ሳይሞላው ሸጦ ወደ አይዝጌ ተመለሰ። ምንም አላጠፋም፣ የሚወደው ሌላ ነገር ስለሆነ ነው። ከተቻለህ ከመለወጥህ በፊት የሰው ሰዓት ተውሰህ ሁለት ቀን እሰረው። ሱቅ ውስጥ ለአምስት ደቂቃ ማሰር አይቆጠርም፣ እንዲያውም ያሳስትሃል፣ ምክንያቱም መጀመሪያ ላይ የሚሰማህ ቅሬታው ብቻ ነው።

ቆዳህን አይዝጌ የሚያሳክክህ ከሆነ ሌላ ጉዳይ ነው። አይዝጌ ውስጥ ኒኬል አለ፣ ንጹሕ ቲታኒየም ውስጥ የለም። ግን ተጠንቀቅ፣ የ42 ሚሊሜትሩ ፔላጎስ ቀፎው ቲታኒየም ሆኖ የጀርባ ክዳኑ አይዝጌ ነው። እጅህን የሚነካው ደግሞ ጀርባው ነው። ይሄን ሳያውቅ ለአለርጂው ብሎ የገዛ ሰው አጋጥሞኛል።

አሁን ወደ ጭረት። ቲታኒየም አይጫርም የሚል ወሬ አለ። ይጫራል! እኔ በሦስተኛው ቀን በር እጀታ ላይ አስነክቼው ነጭ መስመር አወጣሁበት። ጠንካራ ነው ሲባል አይሰበርም፣ በጨው ውሃ አይበላም ማለት ነው፣ ላዩ አይጫርም ማለት አይደለም። ቲታኒየም ራሱም አንድ ዓይነት አይደለም። ግሬድ 2 የሚባለው ያልተቀላቀለው ነው፣ ለስለስ ይላል። ግሬድ 5 ደግሞ 6 በመቶ ገደማ አሉሚኒየም፣ 4 በመቶ ገደማ ቫናዲየም ይገባበታል፣ በጣም ይጠነክራል፣ ማብረቅረቅም ይችላል። ፔላጎስ ግሬድ 2 ነው። ኦሜጋ ለጄምስ ቦንድ ፊልም ያወጣው የቲታኒየም ሲማስተርም እንደዚያው ግሬድ 2 ነው። ሮሌክስ በ2022 ያወጣው ዲፕሲ ቻሌንጅ ግን ግሬድ 5 ነው። እሱ 50 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ጉድ ስለሆነ እንተወው። (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ደስ የሚለው ነገር የግሬድ 2 ጭረት ሲውል ሲያድር ይደበዝዛል። ላዩ ላይ አየር ሲነካው ስስ ሽፋን ይሠራል፣ ዛሬ ነጭ ሆኖ የሚያናድድህ መስመር ከወር በኋላ ፈልገህ ነው የምታገኘው። የማያስደስተው ደግሞ ጥልቅ ስርጉድ ካለ እንደ አይዝጌ በቀላሉ ፖሊሽ አይደረግም። ቲታኒየም መሣሪያው ላይ ይጣበቃል፣ ቶሎ ይግላል፣ ብናኙ እሳት ሊይዝ ይችላል፣ ብዙ ባለሙያ «አልነካውም» ይልሃል። እኔ ሁለት ባለሙያ ጋ ሄጄ ሁለቱም ፊታቸውን አዙረውብኛል። ስለዚህ ያገለገለ ቲታኒየም ስትገዛ ቀፎውን ባለበት ሁኔታ ነው የምትገዛው። ማሽን ሁልጊዜ ይጠገናል፣ ቀፎው ግን እንዲሁ ይቀራል በለው። ጥቃቅን ጭረት ያለበትን፣ ግን ማዕዘኖቹ ስል የሆኑትን ውሰድ። እንደ ሳሙና የተድበለበለ ማዕዘን ያለው፣ ወይም እንደ መስታወት የሚያብረቀርቅ ፔላጎስ ካየህ አንድ ሰው ሞርዶታል ማለት ነው፣ ጥለህ ሂድ።

የትኛው ፔላጎስ እንደሆነ አልጻፍክም፣ ይሄ ግን ለውጥ አለው። በ2012 የወጣው የመጀመሪያው ኢቲኤ የሚባል ሌላ ኩባንያ የሠራው 2824 ማሽን ነው ያለው፣ ፊቱ ላይ ከታች ጽሑፉ ሁለት መስመር ብቻ ስለሆነ በዓይንህ ትለየዋለህ። ከ2015 ጀምሮ የቱዶር የራሱ ኤምቲ 5612 ገባበት፣ ጽሑፉም በዛ። አዲሱ ማሽን አንዴ ከሞላ 70 ሰዓት ይሄዳል፣ ዓርብ ማታ አውልቀህ ሰኞ ጠዋት ሳይቆም ታገኘዋለህ። ኢቲኤው ወደ 38 ሰዓት ነው፣ ግን ሙያውን የሚያውቅ ሰው ሁሉ ይሠራዋል፣ ዕቃውም በየትም አለ። እኔ የወሰድኩት ኢቲኤውን ነው፣ አልተጸጸትኩም። ሁለቱም 500 ሜትር ናቸው፣ ሂሊየም ማስወጫም አላቸው። የሂሊየሙ ነገር ባሕር ሥር ለቀናት ክፍል ውስጥ እየኖሩ ለሚሠሩ ጠላቂዎች ነው፣ ላንተም ለእኔም ጌጥ ነው። እጅህ ቀጭን ከሆነ በ2022 የወጣውን ፔላጎስ 39 እየው፣ 200 ሜትር ነው፣ ቀኑን አያሳይም፣ ቀጠን ያለ ነው። 42ቱ ቀላል ቢሆንም ወፍራም ነው፣ የሸሚዝ እጅጌ ውስጥ አይገባም።

አሁን እኔ የተሞኘሁበትን ልንገርህ፣ ሰንሰለቱን።

እኔ ሙሉ ሐሳቤን ማሽኑ ላይ አድርጌ ነበር። ሻጩ ፎቶ ላከልኝ፣ ፊቱ ንጹሕ፣ መስታወቱ ንጹሕ፣ ሰዓቱም በደንብ ይሄዳል። ተስማማን፣ ተቀባበልን። ቤት ገብቼ ሳስረው ሰንሰለቱ ጠበበኝ። ሳጥኑን ገልብጬ ትርፍ ቁራጭ ፈለግኩ፣ የለም። ደወልኩ፣ «የነበረው ያ ብቻ ነው» አለኝና አለቀ። የቲታኒየም ቁራጭ ለብቻው ፈልጎ ማግኘት እንዴት እንደሚያደክም አትጠይቀኝ። የአይዝጌ ሰንሰለት ቁራጭ ቀይጠህ መሥራት አትችልም፣ ቀለሙም ክብደቱም አይገጥምም። ቁራጮቹን ሳገኝ ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ፤ የሰንሰለቱ ቪቴ አልፈታ አለ። ቲታኒየም ከብረት ጋር ሲፋተግ የመናከስ ጠባይ አለው፣ ቪቴው ጥርሱ ውስጥ ይነክሳል። የቀድሞው ባለቤት ደግሞ ሙጫ ሳያበዛበት አልቀረም። እኔ በእልህ ልኩ ባልሆነ ካቻቪቴ ታገልኩት፣ ተንሸራተተና የቪቴውን ራስ ልጬው፣ አጠገቡ ያለውንም ቁራጭ ጫርኩት። በመጨረሻ ባለሙያ በስቶ አወጣልኝ። ያ ሁሉ ወጪ ቀድሞ ሁለት ጥያቄ ብጠይቅ የሚቀር ነበር። ስንት ቁራጭ አለው? ቪቴዎቹ ራሳቸው አልተላጡም?

አንተ እንዲህ አድርግ። ሰንሰለቱ ተዘርግቶ ከላይ ፎቶ ይላክልህ፣ ቁራጮቹን ቁጠር። ከጎን የቪቴዎቹ ራስ በቅርብ ይነሳ። መቆለፊያው ተከፍቶ ውስጡ ይታይ። የፔላጎስ 42 መቆለፊያ ውስጥ ስፕሪንግ አለ፣ ጠላቂ ወደ ጥልቀት ሲወርድ የሚለብሰው ወፍራም ልብስ በግፊት ስለሚሳሳ ሰንሰለቱ ራሱ ተስቦ እንዲጠብቅ ነው። እኛ ውሃ ባንገባም በሙቀት ቀን እጅ ሲያብጥ ገላግሌ ነው፣ እኔ ከሰዓቱ ሁሉ እሱን ነው የምወደው። ይሥራ አይሥራ እንዲያሳይህ አጭር ቪዲዮ ጠይቅ፣ ካልተለጠጠና ካልተመለሰ ዋጋ አስቀንስ። ከሰንሰለቱ ጋር የሚመጣውን የጎማ ማሰሪያና ማስረዘሚያም ጠይቅ፣ ብዙ ሰው ያስቀራቸዋል።

ስለ ውሃ ሁለት ቃል። 500 ሜትር የሚለው ጽሑፍ ሰዓቱ አዲስ ሳለ ነው የሚሠራው። በአይኤስኦ 6425 የጠላቂ ሰዓት መስፈርት ከተጻፈው በ25 በመቶ በላይ ግፊት ነው የሚሞከረው፣ ውሃ የሚከላከሉት ቀለበት ጎማዎች ግን ያረጃሉ። አንድ ሰው ጀርባውን ከፍቶ ጎማውን አጣሞ ከገጠመው 5 ሜትርም አይችል። ከገዛህ በኋላ የግፊት ምርመራ ሳታስደርግ ገንዳ እንኳ አትግባበት። እቤት የምሠራት ቀላል ነገር አለች። ሰዓቱን እጅህ ላይ አስረህ ሞቅ እንዲል ታደርጋለህ፣ መስታወቱ ላይ አንድ ጠብታ ቀዝቃዛ ውሃ ታስቀምጣለህ፣ ትንሽ ቆይተህ ትጠርገዋለህ። በውስጥ በኩል ጭጋግ ከታየህ እርጥበት ገብቷል። ጭጋግ ባይታይም ግን የግፊት ምርመራው አይቀርልህም።

ፎርጅድ ብዙ ነው። ኪቺን ሚዛን ላይ አስቀምጠውና ያንኑ ሞዴል ሌላ ባለቤት ከለካው ክብደት ጋር አስተያይ፣ ከአይዝጌ የተሠራው ፎርጅድ ወዲያው ይጋለጣል። ማግኔት አስጠጋበት የሚሉህን አትስማ። የሰዓት አይዝጌም ብዙውን ጊዜ በማግኔት አይሳብም፣ ስለዚህ አይለይልህም፣ ይልቁንም ኢቲኤውን ማግኔት አስይዘህ ሰዓቱን እብድ ታደርገዋለህ። የዋስትና ካርዱን ቀን ተመልከት። ቱዶር ከ2020 መጀመሪያ ጀምሮ ለሸጣቸው 5 ዓመት ዋስትና ይሰጣል፣ ዋስትናውም ከሰዓቱ ጋር ለሚቀጥለው ባለቤት ይተላለፋል። አንድ ዓመት ወይም ሁለት ዓመት የቀረው ካገኘህ ትንሽ ብትጨምርም አይከፋም።

የቀረው የልዋጩ ነገር ነው። ሁለት ሰዓት ሰጥተህ አንድ ስትወስድ ሁለቴ ነው የምትቆረጠው። ነጋዴው ያንተን ሲወስድ አትርፎ ሊሸጠው ነው፣ የራሱን ሲሰጥህም ያተርፋል። ጥፋት የለበትም፣ ሥራው ነው። ግን የሦስት ሰዓት ልዋጭ ውስጥ ሒሳቡ ይደባለቃል፣ እኔ ያኔ «ከላይ ይሄን ያህል ጨምር» የሚለውን ቁጥር ብቻ ሰምቼ ተስማማሁ። በኋላ ቁጭ ብዬ ሳሰላው አንዷን ሰዓቴን በነጻ ነበር የሰጠሁት። ስለዚህ ለየብቻ አናግረው፤ ይሄን በስንት ትወስዳለህ፣ ያንን በስንት፣ ፔላጎሱ ልዋጭ ባይኖር በጥሬ ገንዘብ ስንት ነው። ሦስት ቁጥር አስጽፈው። አልጽፍም ካለህ ሌላ ሻጭ ፈልግ። ጊዜ ካለህ ደግሞ ያንተዎቹን ለሚያስራቸው ሰው ራስህ ሸጠህ በጥሬ ገንዘብ ግዛ። ይንዛዛል፣ «የመጨረሻው ስንት ነው» የሚል ሰው ያሰለችሃል፣ ግን ልዩነቱ የግፊቱንም ምርመራ የማሽኑንም እጥበት ይችልልሃል።

እና የአይዝጌ ጠላቂህን አሁን አትስጠው። ሌላውን አይዝጌ ሽጠው፣ ጠላቂው ግን ከፔላጎሱ ጋር አንድ ወር ይቆይህ። በወሩ መጨረሻ የትኛው መሳቢያ ውስጥ እንደሰነበተ ታውቀዋለህ፣ ያንን ትሸጣለህ። ፔላጎሱ ሆኖ ከተገኘም ያገለገለ ስለገዛኸው ብዙ ሳትከስር ትወጣለህ።

ሻጩ የሰንሰለቱን ፎቶ ሲልክልህ ቁራጮቹን ቆጥረህ እዚህ ጻፍልኝ። የእጅህን ዙሪያም በሴንቲሜትር ለክተህ ጨምርበት፣ ይበቃህ አይበቃህ ከእኔው ጋር አስተያይቼ እነግርሃለሁ።