አሁን አርፋለች

ልጆቼ፣ ይህን የምጽፍላችሁ አንዲት ልጅ በጠየቀችኝ ጥያቄ ምክንያት ነው። ባለፈው ሳምንት ማዋለጃ ክፍል የሌሊት ተረኛ ነበርኩ። ከኛ ጋር ልምምድ ላይ ያለች ነርስ አለች። ጎበዝ ናት፤ እጇ ቀላል ነው፤ ወላዶቹ ይወዷታል። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ ሥራው ሲቀዘቅዝ አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች።

«ሲስተር፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ?» አለችኝ።

ታላቅ እህቷ ቤይሩት ሰው ቤት ትሠራለች። አባታቸው ከሁለት ወር በፊት አርፈዋል። ቤተሰቡ ተሰብስቦ «አይነገራት፤ ኮንትራቷ እስኪያልቅ አምስት ወር ነው የቀራት» ብሎ ወሰነ። እህቷ በየሳምንቱ ትደውላለች። አባቷን ስትጠይቅ «ተኝቷል»፣ «ቤተ ክርስቲያን ሄዷል» ይሏታል። በየወሩም ለአባቷ የስኳር መድኃኒት መግዣ ብር ትልካለች። እስካሁንም ትልካለች።

«ብሩን እኔ ነኝ ከባንክ የማወጣው» አለች ልጅቷ። «ልንገራት ወይስ ዝም ልበል?»

መልስ አልሰጠኋትም። አንዲት ወላድ ጠራችኝና ተነሥቼ ሄድኩ። እውነቱን ለመናገር ባትጠራኝም እነሣ ነበር።

ይህን ሥራ ከ35 ዓመት በላይ ሠርቻለሁ። ብዙ ወጣቶች ምክር ይጠይቁኛል። ተማሩ፣ ቆጥቡ፣ ከመጥፎ ጓደኛ ራቁ የሚለውን አልጽፍላችሁም፤ እሱን ታውቁታላችሁ። ያቺ ልጅ የጠየቀችኝ ግን የራሴን ታሪክ ነው።

የደሴ ልጅ ነኝ። እናቴ ሰኞ ገበያ እህል ትሸጥ ነበር። ገብሱን ከዳር ከተማ አምጥታ፣ ቆልታ፣ አስፈጭታ በሶም ትሸጣለች። ወገቧን ያማት ነበር፤ ግን ገበያ አትቀርም። እኔን አዲስ አበባ ነርሲንግ ያስተማረኝ ያ ገበያ ነው። በየሁለት ወሩ ሰው ካገኘች በሶ ትልክልኛለች። የአቡጀዲ ከረጢት ውስጥ ትከተውና አፉን በሰማያዊ ክር ትሰፋዋለች። ስፌቷ ጥብቅ ነው፤ መጨረሻው ላይ ክሩን ሁለት ጊዜ ትቋጥረዋለች። በምላጭ ካልሆነ አይፈታም። የማደሪያችን ልጆች ያንን ከረጢት ሲያዩ ስኳር ፍለጋ ይሮጡ ነበር።

መጻፍ አትችልም። ደብዳቤውን የሚጽፍላት ታናሽ ወንድሜ ነው። እሷ እየተናገረች እሱ ይጽፋል። አንዳንዴ ለሱ የተናገረችውንም ይጽፈው ነበር። «እሱን አትጻፍ አንተ» የሚል አንድ ደብዳቤ ደርሶኝ ሳምንት ሙሉ ስቄያለሁ።

ያኔ አንድ ሰው ነበረኝ። እሱም የደሴ ልጅ ነው፤ ባንክ ቤት ጸሐፊ ነበር። ቤተሰብ ያውቀዋል። እናቴ «ዓይኑ መሬት መሬት የሚያይ ልጅ ነው» ብላ ወድዳዋለች። እኔ ስመረቅ ሽማግሌ ሊልክ ተነጋግረናል።

በ1980 ግንቦት ወር የመጨረሻ ፈተናዬ እየደረሰ ነበር። አንድ ማክሰኞ ማታ መጥቶ «ለሥራ ናዝሬት ልሄድ ነው፤ ቅዳሜ እመለሳለሁ» አለኝ። ቅዳሜ ተመለሰ። ፊቱ ጠቁሯል፤ ጢሙን አልተላጨም። የበሶ ከረጢት ይዟል።

«ከደሴ ሰው መጥቶ ነው» አለኝ።

ሰማያዊ ክር። ሁለት ቋጠሮ። ደስ ብሎኝ ደረቴ ላይ አቀፍኩት።

«እማዬ እንዴት ናት? ያንን ገበያ መመላለስ አልተወችም?» አልኩት።

ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ «ትታለች» አለኝ። «አሁን አርፋለች።»

«ተመስገን!» አልኩ። በቃ። ይህንኑ ነው ያልኩት። ወገቧ አረፈ፣ አባዬ በመጨረሻ አሳመናት ብዬ አሰብኩ። እሱ ደግሞ ቆሞ ያየኝ ነበር። ዛሬ ሳስበው አንድ ጥያቄ ብቻ እንድጨምር እየጠበቀ ነበር። «ማለት?» ብል ኖሮ ይነግረኝ ነበር። እኔ ግን ምላጭ ፍለጋ ሮጥኩ።

በሶውን በሁለት ቀን ከጓደኞቼ ጋር ጨረስነው።

ግንቦት 28 እሑድ ነበር። ጥናት ሰልችቶኝ «ፊልም አሳየኝ» አልኩት። እምቢ ብሎኝ ነበር፤ ለመንኩት። ፒያሳ ሲኒማ ኢትዮጵያ ገባን። የህንድ ፊልም ነበር። ሳቅሁ። እሱም ሲያየኝ ሳቀ። ሰኔ ላይ ደግሞ አንድ ደብዳቤ መጣልኝ። በእናቴ ስም፣ በወንድሜ እጅ። አጭር ነበር፤ «ሁላችንም ደህና ነን፤ ትምህርትሽን በርቺ»። ትርፍ ቃል የለውም። «እሱን አትጻፍ» የለውም። አነበብኩት፤ አጥፌ ደብተሬ ውስጥ ከተትኩት።

ፈተናውን ጨረስኩ። አክስቴ «ለደስታሽ አብረን እንደር» ብላ ሽሮ ሜዳ ቤቷ ጠራችኝ። ሰኔ 24 ከንጋቱ 11 ሰዓት የእግር ኮቴ ቀሰቀሰኝ። ብዙ እግር ነው። በሩ ተከፈተ። የሰፈር እናቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ገቡ። አገራችን ያለ ሰው ሁሉ ያንን ሰዓትና ያንን ነጠላ ያውቀዋል፤ ማንም ምንም ማለት አያስፈልገውም። እኔ ግን «አባዬ ነው?» አልኩ። እናቴ ትሆናለች ብዬ አላሰብኩም፤ እሷ አርፋለቻ!

ከሁሉም ኋላ በር ላይ እሱ ቆሟል። ነጠላ ለብሷል።

«መቼ ነው?» አልኩት።

«ግንቦት 9» አለኝ።

አርባ አምስት ቀን። ሰልስቱ አልፏል፤ አርባዋ ወጥቷል። እኔ ደግሞ በመካከሉ ሲኒማ ገብቼ ስቄያለሁ። ትኬቱን የቆረጠው እሱ ነው። ከእናቴ ሞት ይልቅ ያ ሳቅ ነው ያኔ ያንገበገበኝ። ሰው ሁሉ ፊት «ሁለተኛ ዓይንህን እንዳላይ» አልኩት። አክስቴ ልትናገር ስትል እሱ በእጁ ምልክት ዝም አሰኛት። ወጥቶ ሄደ።

በማግስቱ በመጀመሪያው አውቶቡስ ደሴ ሄድኩ። 401 ኪሎ ሜትር ነው። ያኔ ቀኑን ሙሉ ያስኬድ ነበር። ጣርማ በር ዋሻው ውስጥ ስንገባ ጨለመ፤ እዚያ ጨለማ ውስጥ ነው መጀመሪያ የጮህኩት። ሹፌሩ ደብረ ሲና አቁሞ ውሃ አስመጣልኝ። የማያውቁኝ ተሳፋሪዎች አብረውኝ አለቀሱ። አንዲት እናት እስከ ኮምቦልቻ እጄን አልለቀቁትም።

እሱ ሦስት ደብዳቤ ጻፈልኝ። ሦስቱንም ሳልከፍት መለስኩ። ከዚያ ተወው።

ዓመታት አለፉ። ጥሩ ሰው አገባሁ፤ ልጆች ወለድኩ። ባለቤቴ ይህን ታሪክ ያውቃል፤ ልጽፈው ነው ስለው «ጻፊው» ነው ያለኝ። በ1996 አባቴ አረፈ። ከተዝካሩ በኋላ ከወንድሜ ጋር ደጅ ተቀምጠን ስናወራ ስለዚያ ደብዳቤ አነሣ። ሲጽፈው 13 ዓመቱ ነበር። አባቴ አጠገቡ ቆሞ እያስጻፈው፣ ወረቀቱ በእንባው ስለራሰ ሦስት ጊዜ ቀይሯል። ያ ልጅ ይህን 16 ዓመት ተሸክሞታል። እኔ አንድም ቀን አልጠየቅሁትም።

ከዚያ ስለዚያ ሰው ነገረኝ። ናዝሬት አልሄደም ነበር። ደሴ ሄዶ ሰልስቱ ላይ ድንኳኑ ውስጥ ከቤተሰቡ ጋር ተቀምጧል። ሰው «ማነው ይሄ?» ሲል አባቴ «በልጄ ቦታ ነው» ይል ነበር። ማታ ከሽማግሌዎቹ ጋር ተከራክሯል። «ይነገራት፤ ብወድቅ ልውደቅ ትላለች እንጂ ይህን አትወድም» ብሎ። አባቴ ግን «እናቷ በዚያ ወገቧ ገበያ የወጣችው ለዚህች ፈተና ነው» አለና አስማለው። ማለ። በሶውን እናቴ ልትልክልኝ ሰፍታ ጓዳ አስቀምጣው ነበር። ሲመለስ እሱን ለምኖ ያዘ።

ያኔ ነው «አሁን አርፋለች» የገባኝ። መሐላውን ሳይጥስ ሊነግረኝ ሞክሯል። ወርቁን አስቀምጦልኝ ሰሙን ይዤ ሄድኩ።

ከዚያ በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ አየሁት፤ የአገራችን ሰው ለቅሶ ላይ። ተጨባበጥን። ስለ ልጆቹ ጠየቅሁት፤ ስለ ልጆቼ ጠየቀኝ። «በሶውን አንተ ነህ ያመጣኸው?» ለማለት አፌን ከፈትኩ። ሰው መጣ፤ ተለያየን። በመለየታችን አይደለም የምጸጸተው። ሳልሰማው በመፍረዴ ነው። ምነው ከሦስቱ አንዷን ደብዳቤ እንኳ ከፍቼ ቢሆን!

እናንተ የዛሬ ልጆች ከኛ በአንድ ነገር ትሻላላችሁ፤ ትጠይቃላችሁ። እኛ የታላቅ ውሳኔ ከሆነ አንጠይቅም ነበር። በሌላው ግን ትብሳላችሁ። ሰው ገና ሳይገነዝ ፎቶውን ፌስቡክ ላይ ለጥፋችሁ «ነፍስ ይማር» ትላላችሁ። የአባቷን ሞት ምግብ እያበሰለች በስልኳ ያነበበች ልጅ አውቃለሁ። አጠገቧ የሚይዛት ሰው አልነበረም። ስለዚህ እባካችሁ፣ ቤተሰቡ ሳያረዳ ምንም አትለጥፉ። መርዶ የሚነገረው በጠዋት፣ በሰው መካከል የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም። የሚወድቅን ሰው የሚይዝ እጅ ያስፈልጋል። በኛም ክፍል አንድ ሕፃን ሲሞት፣ ያስተማሩኝ አንጋፋ አዋላጅ እናቲቱ ትንሽ አጥሚት እስክትቀምስ ይጠብቁ ነበር። ከዚያ አልጋዋ ጫፍ ተቀምጠው እግሯን ይዘው ይነግሯታል። ይደባብሱት ነበር እንጂ አይዋሹም።

ግን እኔም ንጹሕ አይደለሁም። በ2011 የባለቤቴ እናት ሲያርፉ ልጄ ሜሪላንድ ከባድ ፈተና ሊፈተን ቀናት ቀርተውት ነበር። አያቱ ነፍሱ ነበሩ። ዘጠኝ ቀን ደበቅሁት። እኔ፣ ይህን ሁሉ የማውቀው ሰው! ዘጠኙን ቀን በስልክ ሳወራው ድምፄን የሚያስተካክልልኝ አባቴ ይመስለኝ ነበር። ጓደኞቹ በጠዋት ቤቱ ሄደው አረዱት። ሲደውልልኝ «ለምን?» አላለኝም፤ «እማዬ፣ አንቺስ እንዴት ቻልሽው?» ነው ያለኝ። እስካሁን ትክክል ሠርቼ ይሁን አጥፍቼ አልለየሁትም። አባቴን ግን ከዚያ ቀን በኋላ ይቅር ብየዋለሁ።

ለልጅቷ የመለስኩላት በሦስተኛው ቀን ነው። «ንገሪያት» አልኳት። አምስት ወር ለሙት የመድኃኒት ብር መላክ የለባትም። ስትመለስ ያንን ደረሰኝ ስትቆጥር ማንን ይቅር ትላለች? በሌላ በኩል የአሠሪዋን ቤት ጥላ መውጣት አትችልም፤ ፓስፖርቷም እጇ ላይ የለም። ስለዚህ በስልክ፣ ለብቻዋ፣ ሰው ቤት ወጥ እየሠራች አይሆንም። የዕረፍት ቀኗን ጠይቂ፤ ቤተ ክርስቲያን አብረዋት የሚሄዱትን ልጆች ፈልጊ አልኳት። ቤተሰቡንም ሳትደብቂ ንገሪያቸው አልኳት። እናትየዋ መጀመሪያ ተቆጡ፤ ኋላ አለቀሱና «ይሁን» አሉ።

ልጆቹን አግኝታቸዋለች። አራት ናቸው። የፊታችን እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አንዷ የተከራየችው ክፍል ይወስዷታል፤ ነጠላም አዘጋጅተዋል። ከዚያ ወደዚህ ይደውላሉ። ልጅቷ ያን ጥሪ ለብቻዋ መቀበል ፈርታለች፤ እኔ ቤት ትመጣለች። ተረኛ ነበርኩ፤ ከጓደኛዬ ጋር ተቀያይሬያለሁ። ያወጣቻቸውን የባንክ ደረሰኞች ሁሉ በፖስታ ይዛ እንድትመጣ ነግሬያታለሁ። እህቷ መጀመሪያ የምትጠይቀው እሱን ይሆናል።