ከቴሌግራም ለሚገለብጡ ልጆች ሁለት መስመር ይበቃል

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነብ ሳቄ መጣ። የ9ኛ ክፍል የሥነ ጽሑፍ ክበብ ተረክበሻል፤ ግጥም አምጡ ስትያቸው ከቴሌግራም ገልብጠው ያመጣሉ፤ የራሳቸውን እንዲፈጥሩ ምን ላድርግ ነው ያልሽው። እኔም ደሴ ላይ ክበብ በያዝኩበት በመጀመሪያው ወር አንዱን የእናት ግጥም ከሦስት ልጆች ተቀብያለሁ። አንደኛው የቻናሉን ስም እንኳ አላጠፋውም።

ጥፋቱ ግን የእኔ ነበር። «ስለ እናት ጻፉ»፣ «ስለ ሀገር ጻፉ» እላቸዋለሁ። ልጁ ከየት ይጀምር? የተባለው ሁሉ ተብሏል። ስለዚህ የተባለውን ያመጣል።

መላውን ያገኘሁት ከቅኔ ቤት ነው። አጎቴ የአብነት ተማሪ ነበር። እዚያ ጀማሪውን መወድስ የሚባለውን ረጅም ቅኔ ቁጠር (ፍጠር) አይሉትም። ስምንት ቤት፣ ማለትም ስምንት መስመር፣ ማን ይችላል? በጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ ሁለት ቤት ብቻ። ነጠላውን ተከናንቦ ጥግ ይይዛል፣ ያወጣል፣ ለመምህሩ ይነግራል። የትናንቱን ዛሬ መድገም ግን ነውር ነው።

እኔም ሁለት መስመር ብቻ አልኩ። ርዕሱም በእጅ የሚያዝ ነገር። አንድ ቀን ቢጫ ጀሪካን ይዤ ገባሁና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ስሙን ሳትጠሩ እንቆቅልሽ አድርጉት፣ ለሌላ ክፍል ልጆች ትጠይቃላችሁ አልኳቸው። «እንቆቅልህ» ሲባል «ምን አውቅልህ» የማይል ልጅ የለም። ክፍሉ ጫጫታ በጫጫታ ሆነ። ሁልጊዜ ከኋላ የምትቀመጥ፣ ድምፅዋን ሰምቼ የማላውቅ ልጅ እጇን አወጣች።

«ስትሄድ ለፍላፊ፣
ስትመለስ ጭምት።»

በእረፍት ሰዓት ለሌላው ክፍል ጠየቀች። ማንም አላወቀም። ሀገር ስጡኝ አለች፣ ጎንደርን ሰጧት። ባዶ ጀሪካን ወደ ቦኖ ሲኬድ ይንኳኳል፤ ከሞላ ድምፅ የለውም። ሰፈሯ ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነበር። ይሄን ከየትኛው ቻናል ትገለብጠዋለች?

ሥዕልም እንዲሁ ነው። ሣሉ ስትያቸው ሁለት ተራራ፣ መሀሉ ላይ ፀሐይ፣ ከሥር ጎጆ። (ኮንዶሚኒየም ተወልዶ ያደገውም ጎጆ ይሥላል፣ ይገርመኛል።) «የቤታችሁን በር እጀታ ሣሉ» በያቸው። ከሰልና የአምናው ካላንደር ጀርባ ይበቃል። «ቀለም የለንም» የምትለዋን ሰበብ እኔም ሁለት ዓመት ተደብቄባታለሁ።

ንባብን «አንብባችሁ ኑ» አትበይ፤ አያነቡም። ራስሽ አንብቢላቸው። በ1958 ዓ.ም. የታተመውን ፍቅር እስከ መቃብርን ስንቱ ሰው ነው ገጹን ሳይገልጥ በሬዲዮ፣ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ የወደደው! እኔ አሥር ደቂቃ አነብና ልብ ሲንጠለጠል መጽሐፉን ዘጋ አደርገዋለሁ። ይጮኹብኛል። ወደ ቤተ መጻሕፍት የሚሮጡ ሁለት ሦስት ግን አይጠፉም።

ቀይ እስክሪብቶ ላይ ተጠንቀቂ። አንድ ልጅ ስለ አባቱ የሊስትሮ ሳጥን ጽፎ መጣ። እኔ ሆዬ «ሀ» እና «ኀ» እያልኩ ወረቀቱን አቀላሁት። አጣጥፎ ኪሱ ከተተው። በሚቀጥለው ሳምንት አልመጣም፤ ከዚያም ወዲህ አልመጣም። ኮሪደር ላይ ስንገናኝ ሰላም ይለኛል፣ የማፍረው እኔ ነኝ።

ውድድርና ሽልማትም ሞክሬያለሁ። አንዱ ልጅ እየደጋገመ ሲያሸንፍ ሌሎቹ ማጨብጨብ ብቻ ለመዱ። በሚኒ ሚዲያ ማንበብ ይሻላል። ሁለት መስመር ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም፣ በአንድ እረፍት አምስት ልጅ ይደርሰዋል።

ግልበጣው ወዲያው ይቆማል ብለሽ አትጠብቂ። እንቆቅልሹንም ከኢንተርኔት የሚያመጣ አለ። አልቆጣውም። «የት አየኸው?» እለዋለሁ። ካላየው ሌላ ዕቃ እሰጠዋለሁ። ጀሪካን ካጣሽ የተሰበረ ጃንጥላም ያስኬዳል።